ባለ ወርቅ ጥርሱ ወታደር

ምብራት ሐድጉ ሰው የምታውቀው በእጁ ነበር። ከጊዮርጊስ ቁልቁል ባለ አንድ ሲኒማ ቤት አሥራ አራት ዓመት ትኬት ሸጣለች፤ መስኮቱን የሠራው ጣሊያን ለእጅ እንጂ ለፊት ስላልሠራው፣ የአራዳን ወንድ ሁሉ ከክንዱ በታች ታውቀው ነበር። ወርቅ ሠሪ ጣቱ በአሲድ የተበላ ነው፤ ጸሐፊ መካከለኛው ጣቱ ላይ የብዕር እባጭ አለው፤ ካድሬ ደግሞ ብሩን አይሰጥም፣ ይወረውራል። "ፊት ይዋሻል፣ እጅ አይዋሽም" ትል ነበር። የራሷ ግን ፊቷም እጇም አፏም እንደ አስፈላጊነቱ ይዋሹላት ነበር፤ ይህንንም ነውር ብላ አታውቅም። ሲኒማ ቤት የሚሠራ ሰው ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ውሸት በሳንቲም ሲቸረችር ነው የሚውለው።

የአዲግራት ልጅ ናት። በአሥራ ስድስት ዓመቷ መድኃኔ የሚባል ልብስ ሰፊ አግብቶ አዲስ አበባ አመጣት። እሪ በከንቱ በሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ከግማሽ ተከራዩ፤ አርአያ የሚባል ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ልጁ አድጎ አሰብ ወደብ ሥራ ያዘ። መድኃኔ አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ወራት ሲቀሩት በሳንባ በሽታ ሞተ። "ጊዜውን አውቆ ሄደ" ትላለች ምብራት፣ ከልቧ አልቅሳ ስታበቃ፤ "ሰልፍ መውጣት አይወድም ነበር።"

ከዚያ በኋላ የቀራት ቤቷ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው የዛገ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ሁለት ቦታ ሳፋ ይደቀንበታል። ግን በሩ ሥር የራሱ ቧንቧ አለው። እሪ በከንቱ ውስጥ የራስ ቧንቧ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ በንጋት ቦኖ ውሃ ላይ ተሰልፎ፣ ተራ ተነጥቆ፣ ተሰድቦ መመለስ ያስፈልጋል። አዋጁ ወጥቶ የኪራይ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሲሆን የምብራትም ቤት ወደ ቀበሌ ዞረ። የቀበሌ ቤት አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ በስጦታም አይተላለፍም። የሚገኝበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ተከራዩ ሲሞት ወይም አገር ጥሎ ሲሄድ ስምህ በቤተሰብ ዝርዝሩ ላይ ካለ፣ ቤቱ ያንተ ነው። በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ይህን ሕግ ከአባታችን ሆይ እኩል ያውቀው ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያወቁት መምሬ ገነነ ነበሩ። የየትኛው ደብር ካህን እንደነበሩ ባንናገር ይሻላል፤ ደብሩ ምን አደረገ! አንቱ የምንላቸውም ለጥምጣማቸው ብለን ነው። መምሬ ገነነ የሠላሳ ሁለት ቤት የንስሐ አባት ነበሩ። በየወሩ ጸበል ይዘው ይመጣሉ፣ ግድግዳውን ይረጫሉ፣ የቀረበላቸውን ይባርካሉ፣ የባረኩትን ይጨርሳሉ። ኃጢአት ሲሰሙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ምብራት ለእግዜር ጆሮ ቦታ የሚለቁ ይመስላት ነበር።

ምብራት ደግሞ የምትናዘዘው ነገር ነበራት። ሲኒማ ቤቱ ላይኛው ክፍል ፊልም የሚያጫውተው ገብረአብ የሚባል ዝምተኛ ወንደላጤ ነበር። የመድኃኔ ጓደኛ ነው፤ ሥራውንም ያስገባት እሱ ነው። ከ1971 ጀምሮ፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ የቀኑ ትኬት ካለቀ በኋላ፣ የህንድ ፊልም እንደ ልብ ረጅም ስለሆነ፣ ምብራት መስኮቷን ዘግታ ወደ ማሽን ክፍሉ ትወጣ ነበር። ባልየው ሞቷል፣ ሰውየው አላገባም፤ ታዲያ ምን ችግር አለው ያለ ሰው የአገሩን ሥርዓት አያውቅም። ገብረአብ አርአያን ክርስትና ያነሳው ሰው ነው። አበልጇ ነው። አበልጅ ከወንድም ይከብዳል፤ ከአበልጅ ጋር መጋባትም አይቻል፣ መውደቅማ ስሙ አይነሳም። እሷ ራሷ ማሽን ክፍሉ ውስጥ፣ ሌላ ሴት "የኔ ጌታ" በምትልበት ሰዓት፣ "አበልጅ" ነበር የምትለው። ልማድ ሆኖባት ነው።

በ1973 ሁዳዴ ሲገባ ኃጢአቱ ከበዳት። እውነት ለመናገር ትፈራ ነበር፤ ስታላግጥ የምትውለው ምብራት መብራት ሲጠፋ እንደ ማንም ሴት ሲኦልን ትፈራ ነበር። መምሬ ገነነን አስጠርታ ነጠላዋን አጣፍታ ተንበረከከች።

"ወደቅሁ አባቴ" አለች፤ "ከወንድ ጋር።"

"ከማን ጋር?"

ኃጢአት ስም አያስፈልገውም፤ መምሬ ገነነ ግን ስም ይወዱ ነበር። ምብራት ገብረአብ ልትል አፏን ከፈተች። አርአያን በአርባ ቀኑ ያጠመቁት እኚሁ መምሬ መሆናቸው ትዝ አላት። ምላሷ በራሱ ጊዜ መንገድ ቀየረ።

"ወታደር ነው አባቴ። ወደ ምሥራቅ ዘመተ።"

"ምን ዓይነት ወታደር?"

"ረጅም..." አለች። የሚመጣላት ሲኒማ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የህንድ ወንበዴ ብቻ ነበር። "ጥርሱ ወርቅ የሆነ። ላይኛው።"

"ስንት ጊዜ?"

"አንድ ቀን ብቻ!" አለች፤ ከሦስት ዓመት ገደማ ላይ ቀንሳ።

መምሬ ገነነ አርባ ቀን፣ በየቀኑ አርባ ስግደት አዘዙ። ምብራት ሰገደች። አንድም አላጎደለችም፤ ጉልበቷ እስኪላጥ ስለሌለው ወታደር ሰገደች። ማክሰኞና ሐሙስም አላጎደለችም።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1974 ኅዳር ላይ፣ ከከተማው ጥግ ወዳለ ጸበል አንድ ባሕታዊ ወረደ ተባለ። ብጫ ለብሷል፣ ወገቡን በሰንሰለት ታጥቋል፣ የሰው ልብ ያነባል። መምሬ ገነነ ከሠላሳ ሁለቱ ቤት ባልቴቶቹን ብቻ መርጠው ይዘው ሄዱ። ለምን ባልቴቶቹን ብቻ ብሎ የጠየቀ የለም። ምብራት ከጎረቤቷ ከየሺ ጋር ከኋላ ቆማ ነበር።

"አንቺ በመስኮት የምትኖሪ!" ብሎ ባሕታዊው ጮኸ። ጣቱን ወደ እሷ ቀሰረ፤ ለአመሏ እጁን አየችው፤ እንጨት ፈልጦም ድንጋይ አንስቶም የማያውቅ ለስላሳ እጅ ነበር። ግን ለማሰብ ጊዜ አላገኘችም። "ወታደር አያለሁ! ረጅም ነው! አፉን ሲከፍት ወርቅ ያበራል! አንዲት ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ ስተሻል! ቤትሽ እሳት ሆኖ ይታየኛል! ለድኻ አደግ ልጅ ተዪው፣ ገዳም ይጠራሻል፣ ቆብ ድፊ!"

ምብራት እዚያው ተዘረረች። ጸበል ረጭተው ሲያነሷት የሺ ዓይኗ ፈጦ "ለማን ነግረሽ ነበር?" አለቻት።

"ለማንም!" አለች ምብራት። "እመቤቴን! ከእግዜር በቀር ለማንም!"

ይህን ስትል መምሬ ገነነ በግራ በኩል ክንዷን ይዘው ቆመዋል። ሁለቱም ሴቶች አዩአቸው፤ ሁለቱም አላዩአቸውም። በእሪ በከንቱ የንስሐ አባት እንደ ሰው አይቆጠርም። ለእሳቸው የተነገረ ጉድጓድ የገባ ነው፤ ጉድጓድ ደግሞ አፍ አለው ብሎ የሚጠረጥር ማን አለ?

ወታደሩ እንደሌለስ እንዴት ጠፋት? አልጠፋትም። ማታ ተኝታ አሰበችበት፤ ያገኘችውም መልስ የእሷ ብቻ ሊሆን የሚችል ነው። እግዜር እውነቱን ያውቃል፤ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አበልጅ ብሎ ሊያዋርዳት ይሉኝታ ያዘው። ስለዚህ እሷው በፈጠረችው ወታደር ሸፈነላት። ምብራት ይህን ባሰበች ቁጥር ታለቅስ ነበር። እንዲህ ያለ ጨዋ አምላክ እንዴት እምቢ ይባላል?

በማግስቱ መምሬ ገነነ አንዲት ድኻ አደግ አገኙ። እግዜር ሲያቀርብ እንዲህ ነው፤ የገዛ እህታቸው ልጅ ሆና ተገኘች። ዓለምጸሃይ ትባላለች፤ ጥፋት የሌለባት ልጅ ናት፣ ልታገባ ደርሳ ቤት አጥታ ነበር። ምብራት ቀበሌ ሄዳ፣ አርአያ አሰብ ስለሚኖር ባዶ በነበረው የቤተሰብ ዝርዝሯ ላይ አስገባቻት፤ ከጥምቀት ማግስት ወደ ገዳም እንደምትሄድ፣ ቤቱም ለልጅቱ እንዲሆን ቅጽ ላይ ፈረመች፤ ልጅቱም ጓዟን አስገባች። ከዚያ በየቀኑ ቧንቧውን ከፍታ ውሃው ሲወርድ ታይ ነበር። ምንም ሳትቀዳ ትዘጋዋለች።

በጥር መጀመሪያ፣ ጥምቀት ሳይደርስ፣ አንድ ማክሰኞ ማሽን ክፍሉን ልትሰናበት ወጣች።

"አበልጅ፣ ልሄድ ነው" አለችው። "ገዳም። ባሕታዊው ወታደሩን ከነወርቅ ጥርሱ አይቶታል።"

ገብረአብ የፊልሙን ጥቅል ይዞ ቀጥ አለ። "የትኛው ወታደር?"

"ያ ወደ ምሥራቅ የዘመተው።"

"ወታደር ነበረሽ?" አለ። በሦስት ዓመት ውስጥ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ይህ የመጀመሪያው ነው። "እኔ እዚህ ላይ ጥቅል ስቀይር አንቺ ወታደር ነበረሽ?"

"ኧረ የለም! ምን ነካህ? አንተን ላለማንሳት ለመምሬ ገነነ የፈጠርኩት ነው።"

"ታዲያ ባሕታዊው የት አየው?"

"እግዜር ነግሮት።"

"እግዜርስ የት አየው?"

ምብራት የእግዜርን ይሉኝታ ልታስረዳው ጀመረችና፣ ነገሩ በራሷ ጆሮ ሲገባ መሃል ላይ ቆመች። ጥቅሉ አልቆ ሸራው ነጭ ሆኖ ነበር፤ ታች ተመልካቹ እያፏጨ "ሌባ! ሌባ!" ይላል። ገብረአብ ማሽኑ ላይ ዘለለ። ምብራት ግን ስድቡ ለማን እንደሚገባ አሁን ገባት።

"እዋይ!" አለች በአገሯ ቋንቋ። "እዋይ መምሬ ገነነ!"

ተናደደች፤ ከቤቱም በላይ ያናደዳት ሌላ ነው። በሕይወቷ አንድ ቀን ከእውነት አጠገብ የደረሰችው በዚያ ጉልበቷ ላይ ነበር፤ ግማሹን ብትዋሽም ሌላውን ግማሽ ከልቧ ነበር ያወጣችው። ያንን ነው እኚህ ሰውዬ ይዘው ገበያ የወጡት።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አላት ገብረአብ።

"እኔ አውቃለሁ" አለችው፤ ወረደች።

በማግስቱ ቀበሌ ሄዳ ቅጹ ይሰረዝልኝ አለች። የተፈረመ ቅጽ በስብሰባ ካልሆነ አይሰረዝም አሏት። እሁድ ጠዋት ነዋሪው ሁሉ አዳራሽ ተሰበሰበ፤ ስብሰባ የቀረ ሰው የስኳር ኩፖኑ ይያዝበታልና ቄስም አይቀርም። መምሬ ገነነ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ ጓድ ከበደ ግራ እጁን ጨብጦ መፈክሩን አሰማ፤ የካኪ ኮሌታው እስከ ላይ ተቆልፏል፤ ከሥሩ ማተብ እንዳለ ሰፈሩ ያውቃል፣ የንስሐ አባቱ ማን እንደሆኑም ሰፈሩ ያውቃል።

የምብራት ጉዳይ ሲነሳ መምሬ ገነነ ቀድመው ተነሡ። "ሰይጣን ፈትኗት ነው" አሉ በሐዘን። "ለእግዜር የተሳለችውን..."

"ጓድ ሊቀመንበር" አለች ምብራት ብድግ ብላ፤ "ግለ ሂስ ላድርግ።"

ግለ ሂስ የሚያደርግን ሰው ማቋረጥ በዚያ ዘመን ቅዳሴ ከማቋረጥ የባሰ ነበር። መምሬ ገነነ ተቀመጡ።

"ባለፈው ሁዳዴ ለንስሐ አባቴ ከወታደር ጋር ወደቅሁ ብዬ ተናዘዝኩ። ረጅም ነው አልኩ፣ ጥርሱ ወርቅ ነው አልኩ፣ አንድ ቀን ነው አልኩ። ወታደር የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ያንን ወታደር በዓለም ላይ የምናውቀው እኔና መምሬ ገነነ ብቻ ነን። ኅዳር ላይ ባሕታዊው እሱኑ ወታደር ከነጥርሱ አየሁ ብሎ ቤትሽን ልቀቂ አለኝ። ቤቱ ለማን ሆነ? ለመምሬ ገነነ የእህት ልጅ።"

መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። መምሬ ገነነ ግን የዋዛ አልነበሩም። "ወታደሩማ አለ" አሉ በተቀመጡበት። "አፍራ ነው የምትክደው። ሴት ልጅ ባልወደቀችበት ነገር አርባ ቀን ትሰግዳለች?"

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ነገሩ እውነት ይመስላል፤ በየትኛው አገር ነው ባልሠራው ኃጢአት ቀኖና የሚሸከም? ምብራት ቤቷ ከእጇ ሲወጣ ታያት።

"ወድቄያለሁማ!" አለች። "ከገብረአብ ጋር ነው! ፊልም ከሚያጫውተው! ልጄን ክርስትና ካነሳው! ሦስት ዓመት ሙሉ!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሴቶቹ "በስመ አብ!" እያሉ አማተቡ፤ "አበልጇን!" የሚል ድምፅ ከወንበር ወንበር ዘለለ፤ አንዲት አሮጊት ነጠላዋን ሰብስባ ከምብራት ጎን ተነስታ ሄደች። ምስጢር የሸጠውን ቄስ ለጊዜው ያስታወሰው ሰው አልነበረም። ያስታወሰው አንድ ጓድ ከበደ ነው። ፊቱ አመድ መስሎ፣ እጁ ሳይታወቀው ኮሌታው ላይ ሄዶ፣ እሱ ራሱ ባለፉት ዓመታት ለመምሬ ገነነ ምን ምን እንዳለ በሆዱ ይቆጥር ነበር። ሌላ ሰው ግለ ሂስ ላድርግ ብሎ ሳይነሳ ጠረጴዛውን ደበደበ።

"ቅጹ ተሰርዟል! ቤቱ በጓዲት ምብራት ስም ይቀጥላል! አጀንዳው ተዘግቷል!"

መምሬ ገነነን ማንም አልከሰሳቸውም። ቤቶቹ ግን አንድ በአንድ፣ ጠብ ሳይኖር፣ ሰላምታ ሳይጓደል፣ የንስሐ አባት ቀየሩ፤ ለቀጣዩ ፋሲካ ከሠላሳ ሁለቱ አምስት ቀሩላቸው፤ አምስቱም ጆሯቸው የደከመ ነበሩ። ባሕታዊው ሰንሰለቱን ይዞ ወደ ሌላ ጸበል ተሻገረ። ዓለምጸሃይ ጓዟን ስታወጣ ምብራትን እግሯ ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀቻት፤ ምብራትም ጀሪካኗን ሞልታ ሸኘቻት።

ሰፈሩ አንድ ዓመት ያህል በጎሪጥ አይቷት ከዚያ ደከመው፤ ቧንቧዋ እያለ ለዘለዓለም ማኩረፍ አይቻልም። ምብራትም ውላ አድራ ታሪኩን ራሷ ማውራት ጀመረች፤ የባሕታዊውን ድምፅ፣ የእግዜርን ይሉኝታ፣ የጓድ ከበደን ኮሌታ እያስመሰለች ፒያሳን ታስቀው ነበር። የምታቆመው ግን ሁልጊዜ እሁድ ላይ ነው። ሰኞን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ሰኞ ጠዋት ገብረአብ ቤቷ መጣ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ሰው እንዳያየው ብሎ ደጇን ረግጦት አያውቅም፤ ያን ቀን ግን በዋናው መንገድ፣ በፀሐይ፣ ጎረቤት እያየው መጣ። ግባ አለችው። በሩ ላይ ቆመ።

"መምሬ ገነነ ያንቺን አወጡ" አለ ቀስ ብሎ። "አንቺ ደግሞ የኔን።"

"ቤቴን ሊወስዱብኝ ነበር እኮ።"

"አውቃለሁ።" "ከማክሰኞ እስከ እሁድ አምስት ቀን ነበረሽ። ብትጠይቂኝ አብሬሽ እቆም ነበር። ራሴ እናገረው ነበር፣ ምብራት።"

ሄደ፤ በወሩ ጅማ ወዳለ ሲኒማ ቤት ተዛወረ። ምብራት በሩ ላይ ቆማ ጀርባውን አየችው። ሦስት ዓመት ሙሉ የደበቀችው ለእሱ ክብር ብላ ይመስላት ነበር፤ መደበቁን ይፈልገው እንደሆነ ግን አንድ ማክሰኞ እንኳን ጠይቃው አታውቅም።